ቀጥ ብሎ የወረደው ሥር

የናዛር ሲንግን ሬሳ ያጋለጠው ድርቁ ነው። ቦዩ ውሃ ካጣ ሃያ ቀን ሆኖት የማልኪት ስንዴ በሙሉ ሲገረጣ፣ መሃል ላይ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ብቻ ለምለም ሆኖ ቀረ። ጎረቤቶች ነገሩ ገርሟቸው ጫፉን ቢቆፍሩት የማልኪት ታናሽ ወንድም ወጣ። ከተማ ገባ የተባለው ሰውዬ!

እኛ ፑንጃቦች ለመፍረድ ስንፈጥን ለጉድ ነው። መርማሪ ኢቅባል ካውር ስትደርስ፣ ከሩቁ የቢሃር ግዛት የመጣው ቅጥር ሠራተኛ ቢሹን በውሃ ፓምፑ ቤት ውስጥ በሰንሰለት ተቆልፎበታል። ቤቱ መስኮት የለውም። በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት ጣቶቹ ብቻ ይታያሉ። መንደርተኛው ዱላውን ይዞ ደጁን ከቧል።

«ብቻዬን ዘርቼ ስንዴው ስንዝር ሲያህል ይኼን ሰው የቀጠርኩት እኔው ነኝ፤ ምነው እግሬን በሰበረው!» አለ ማልኪት። «የመጀመሪያውን ውሃ ስናጠጣ ከናዛር ጋር ሲጣሉ ትቻቸው ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜን አላየሁትም።»

ኢቅባል ወደ በሩ ጎንበስ አለች። «ቢሹን፣ እውነት ነው?»

«ናዛር የሚባል ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ እሜቴ! በልጆቼ እምላለሁ! ታፈንኩ፣ አውጡኝ!»

የሟች ሚስት ሲምሮ ጨቅላዋን አቅፋ ከዳር ቆማለች።

«አንቺስ?»

«ምን አውቄ፣ እህቴ? እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ እናቴ ቤት ነበርኩ። ስሄድ ከስንዴው በፊት የነበረው ሩዝ እየታጨደ ነበር። ስመለስ ማልኪት ‹መሬቱን አካፍለኝ ብሎ ተጣልቶኝ ሄደ› አለኝ።»

ኢቅባል የገበሬ ልጅ ናት። አካፋ ተቀብላ ማሳው ውስጥ ገባችና ከገረጣው ስንዴ ጥቂት፣ ከጉድጓዱ ዳር ደግሞ ከለምለሙ ጥቂት ከነሥሩ አወጣች።

«ምርመራው ቀረና አረም ያዙ እንዴ?» ሲል አሾፈ ማልኪት። አንዳንዱም ሳቀ።

እሷ ግን ሰዉን ሁሉ ፓምፑ ቤት ደጅ ሰበሰበች።

«ይኼ የገረጣው ነው። ሥሩ ስንዝር ወርዶ ታጥፏል። ለሩዝ መሬቱን በውሃ እያቦካን፣ በትራክተር እየረገጥን ከታች ያለውን አፈር ጡብ አድርገነዋል። ከጡቡ በታች እርጥበት አለ፤ ሥሩ ግን አይደርስበትም። ይኼኛው ክንድ ሙሉ ቀጥ ብሎ ወርዷል። እዚህ ጡቡ ተሰብሯል።»

«ሬሳው ፍግ ሆኖት ነዋ!» አለ ማልኪት።

«ፍግ ጡብ አይሰብርም፤ የሰበረው መቃብሩን የቆፈረው ሰው ነው። ግን መቼ ቆፈረ? የበቀለ ስንዴ መሃል ቢቆፍር ስንዴው ይነቀል ነበር። መልሶ ቢተክለውም ሥሩ ይጠማዘዛል። ይኼ ግን ከዘሩ ጀምሮ ያልተነካ ነው። የመዝሪያ ማሽኑም ረድፍ በመቃብሩ ላይ ሳይዛነፍ አልፏል። ናዛር የተቀበረው ስንዴው ከመዘራቱ በፊት ነው። ያኔ ቢሹን ገና አልተቀጠረም።»

ከዚያ ወደ ማልኪት ዞረች፤ ‹እርስዎ› አላለችውም። «አንተ ግን ውሃ ስታጠጣ በሕይወት አየሁት አልክ። ወንድምህን ቀበርክና በላዩ ዘራህበት።»

ሲምሮ ጮኸች። ማልኪት መውጫ ፈልጎ ዙሪያውን ቢያይ በሁሉም በኩል ዱላ ነው።

«መሬቴን ለሁለት ሊቆርጠው ነበር» አለ።

ሰዉ ገፍቶ መጣ። የፖሊስ መኪና እስኪደርስ ማልኪትን ከዱላ የሚያተርፈው ቤት አንድ ብቻ ነው። ኢቅባል በሩን ከፍታ ቢሹንን አወጣችና ማልኪትን አስገብታ ሰንሰለቱን መልሳ ቆለፈች።

ቢሹን የሰጡትን ውሃ ጠጣ። ከዚያ የሚሄድ መስሏቸው መንገድ ሲለቁለት ተመልሶ በሩ ሥር ተንበረከከ።

«ሰርዳርጂ» አለ፣ ጌታዬ ማለቱ ነው። «መሬት ላይ ተኝተው አፍንጫዎን ወደ ክፍተቷ ያድርጉ። አየር ያለው እዚያ ብቻ ነው።»