ከፎቶዎቻችን ላይ የተቆረጠችው ልጅ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እዚያ ባልኖር ኖሮ እኔም «ይሄ ሰውዬ ለቆበታል» ብዬ እስቅ ነበር...

ግን ሆኗል። በእኔና በታናሽ እህቴ ላይ።

ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አባታችን ከሞተ ሁለት ወሩ። ይኖርበት የነበረውን ቤት ለአከራዩ ልናስረክብ ዕቃ በካርቶን እያሸግን ነው።

እህቴ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደች። በቤተሰብ ፎቶ ጢም ብሎ የሞላ።

መጀመሪያ ሳቅን። የአባታችን ሱሪ ከታች ሰፍቶ ሁለት ሰው ያስገባል። የእናታችን ፀጉር ጃንጥላ አክሏል።

ከዚያ እህቴ አንዱን ፎቶ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ወንድሜ... ይሄ ለምን ተቆረጠ?»

ፎቶው መሀል ቀዳዳ አለ። አንድ ሰው በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። በቁመቱ ልጅ ነው።

ሌላ አነሳሁ። ቀዳዳ።

ሌላ... ቀዳዳ።

ከፎቶዎቹ ሥር ፖስታ ነበር። ቁርጥራጮቹ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ከየጀርባቸው የየትኛው ፎቶ እንደሆኑ ተጽፏል።

አንዲት ልጅ ናት። ነጠብጣብ ቀሚስ ለብሳለች፤ ካልሲ ያደረገችው አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነው።

በአያታችን ሠርግ ላይ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ እኔ በተመረቅሁ ቀንም... ያው ሰባት ዓመቷ ነው።

ያን ቀን አልረሳውም። አጠገቤ ማንም አልነበረም!

ቁራጩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ትከሻዋ ላይ አራት ጣቶች አርፈዋል።

አንዱ ጣት ላይ ያለውን ጠባሳ ለየሁት። የእኔ ጣቶች ናቸው።

«ፖስታው ውስጥ መልሺው» አልኳት። «ሁሉንም መልሺው።»

«አንዷን ብቻ... ልክ መሆኗን ልየው።»

ካርቶን የምናሽግበትን ስኮች ቆርጣ፣ ልጅቷን እህቴ በራሷ ልደት ቀን በተነሳችው ፎቶ ቀዳዳ ላይ ለጠፈቻት።

ልክ ገባች።

ለአክስታችን ደወልኩ። የአባታችን ታላቅ ናቸው። ስለ ቀዳዳዎቹ ነገርኳቸው።

«የቆረጥኳት እኔ ነኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄ... አልመለሳችኋትም አይደል?»

«አንዱ ላይ... እህቴ...»

«ውጡ!»

«እትዬ፣ ማን ናት?»

«ዕቃውን ተዉት! እህትህን ይዘህ ውጣ!»

የፎቁን ደረጃ እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። እህቴ ከኋላዬ ስትመጣ ኮቴዋ ይሰማኛል።

መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል። ታክሲ ጥሩምባ ይነፋል። እፎይ አልኩ።

«ነይ፣ ቶሎ እንሂድ» ብዬ ዞርኩ።

እህቴ ቀኝ ትከሻዋ ወደ ታች ዘንበል ብሏል። ክንዷ ተወጥሯል። ጣቶቿ ባዶ አየር ላይ እጥፍ ብለዋል።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

እኔን አላየችኝም። ወደ ታች፣ ወደ ጎኗ ነው የምታየው።

«ቀስ በል» አለችኝ በለሆሳስ። «እርምጃዋ አጭር ነው...»