ባዶ ጋቢና ይዞ ሐረጎን መውረድ

ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ተነስቶ ከሚሄደው ወገን ነበርኩ። ሥራዬ ሰዓት መጠገን ነው፣ ደሴ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ጥርስና ሞላ ያለው ነገር ሁሉ ከቆመ የቆመበት ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም በጉጠት ተይዞ ይወጣል ብዬ አምን ነበር። ጂኒ፣ ውቃቢ ሲሉኝ እስቃለሁ፣ እውነቴን ነው የምልህ።

ሌላው አመሌ አሮጌ መኪና ነው። ሰው ለዓመት በዓል በግ እየጎተተ ሲገባ እኔ ዶሮ ያደረባት ቮልስ አስጎትቼ እገባለሁ፣ ባለቤቴ ብርቄም «ደግሞ ሌላ ሬሳ አመጣህ?» ትለኛለች። ሬሳውን አንቀሳቅሼ ክላክስ ሳስጮኽላት ግን ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት።

ሞባይል ወደ ደሴ በገባ ሰሞን ይመስለኛል፣ ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የኖረች ነጭ ፊያት ሚሌቼንቶ፣ የድሮ የጣሊያን መኪና፣ አገኘሁ። ባለቤቷ ሰይድ የሚባሉ ሾፌር ነበሩ፣ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ሚስታቸው እማማ ዘሀራ ለስንቱ ገዢ እምቢ ብለው ለእኔ በአንድ ቃል ሰጡኝ። «ነፍስ ከዘራች ደሴ ታደርሰኛለህ ልጄ። ዓይኔ እየደከመ ነው፣ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ደሴን በሰይድ መኪና ሆኜ ልያት።» ቃል ገባሁላቸው።

ደሴ አስጎትቼ አመጣኋትና ከጎረቤቴ ከመካኒኩ ከእንድሪስ ጋር ፈታትነን ገጠምናት፣ ደሴ ውስጥ ላይ ታች አለች፣ ደስታዬን አትጠይቀኝ። ታዲያ እማማን ላመጣ ብቻዬን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሐረጎ ተራራ አናት ላይ፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ሞተሩ ጥፍት አለ። ካንዴላ ጠረግኩ፣ ካርቡራተር ነፋሁ፣ ወዴት! ወደ ደሴ ስመልሳት ግን ትነሳለች፣ በሌላ ቀንም እዚያው ቦታ ስትደርስ ቀጥ።

እንድሪስን ይዤው ወጣሁ። እሱ ጋቢና ከተቀመጠ ትሄዳለች፣ እሱ ከወረደ ትጠፋለች። በክብደት ይሆናል ብዬ በእሱ ቦታ አንድ ጆንያ ገብስ ጫንኩ፣ ጠፋች፣ ከአንድ ገበሬ በግ ተውሼ አስቀመጥኩ፣ ጠፋች፣ በጉ እንኳ ሳይታዘበን አልቀረም። እንድሪስ ሆዱን ይዞ እየሳቀ «ወላሂ፣ አንተዋ፣ ይቺ መኪና ሰው ነው ያማራት!» አለኝ።

ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ፍርሃት እንዳይመስልህ፣ ማወቅ ፈልጌ ነው። በሚኒባስ ወርጄ ለእማማ ብነግራቸው ሳቅ አሉ። «ሰይድ ሐረጎን ባዶ ጋቢና ይዞ ወርዶ አያውቅም። ነውር ነው ይል ነበር። ሸክም የከበደው፣ እግር የደከመው ሰው እስኪመጣ አናቱ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ በሩን ከፍቶ ‹ግቡ፣ በአላህ ስም አብረን እንውረድ› ይላል። ሰደቃው ነበር። ኮምቦልቻ ሲገባ ‹ደርሰናል› ይላል፣ ሰውየውም ይወርዳል።»

ከእንድሪስ ጋር ሄጄ ላመጣቸው ቀን ቆረጥን፣ ግን ሳይደርስ ልጃቸው ደወለ፣ ዓይናቸውን ነገ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊቀደዱ ነው፣ ይዳን ይጥፋ አይታወቅም፣ «እናቴ ዛሬ ካልሆነ ይቅር ብላለች» አለኝ። እንድሪስ ደጋን ከተማ ሄዷል፣ ብርቄ ለቅሶ ቤት ናት። ብቻዬን ተነሳሁ፣ አናቱ ላይ መቼም ሰው አይጠፋም ብዬ።

ሐረጎን ጉም ውጦታል። ሰው የለም፣ አህያ የለም። እዚያው የተለመደው ቦታ ሞተሩ ጥፍት። ጠበቅኩ፣ ማንም አልመጣም፣ ቀኑም እየሄደ ነው፣ የሴትዮዋ ዓይን ደግሞ ለነገ ተቀጥሯል። እመነኝ፣ ግራ ሲገባኝ ነው፣ እጄን ዘርግቼ የጋቢናውን በር ወለል አደረግኩና ለጉሙ «ግቡ፣ በአላህ ስም አብረን እንውረድ» አልኩ። በራሴ ልስቅ ነበር። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። መኪናዋ ዘንበል ብላለች፣ ስለዚህ ነው አልኩ። ቁልፉን ሳዞር ግን በአንዴ ተነሳች።

ወረድኩ። በየመታጠፊያው የጋቢናው ወንበር ሞላ ሲጥ ይላል፣ ሰው ሲደገፍበት እንደሚለው። መንገዱ ነው አልኩ። ቀጥሎ በጋቢናው በኩል ያለው መስታወት ከውስጥ ላብ ለበሰ፣ የእኔ ጥርት እንዳለ ነው፣ በእጄ ጠረግኩት፣ ተመልሶ ለበሰ። ለዚህ የምለው አጣሁ።

እማማ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የጋቢናውን በር ከፈትኩላቸው፣ እንደ ዓይነ ደካማ ሰው ወንበሩን በእጃቸው ዳሰሱትና ቆም አሉ።

«ከኋላ ልሁን ልጄ።»

«ለምን እማማ? ከፊት ደሴን ደኅና አድርገው ያያሉ እኮ።»

«ሙቅ ነው» አሉኝ።

እኔም ነካሁት። ሰው አሁን የተነሳበት ወንበር ነው የሚመስለው።

ዳገቱን ስንወጣ እማማ ከኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ያወራሉ። ዱአ መስሎኝ ነበር፣ ዱአ ላይ ግን ሰው አይስቅም። ጉሙ ተገልጦ ደሴ ስትታይ «ያውልህ፣ ያውልህ!» አሉ፣ ለእኔ አልነበረም። እንባቸው ይወርዳል። ፒያሳ አቆምኩና ሳላስበው እጄ ወደ ጋቢናው በር ሲሄድ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ፣ በሞቴ። ደርሰናል እንዳትል።»

አላልኩም። የእማማ አንድ ዓይን ዳነ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬም መኪናዋ ውስጥ ከኋላ ነው የሚቀመጡት፣ ብርቄም ሳልነግራት ከኋላ መግባት ለምዳለች። ሐረጎን ብቻዬን እወርዳለሁ፣ ሞተሩ ጠፍቶ አያውቅም። ሰዓት ጠጋኝ ሳያበጀው የተበጀ ነገር ያሳብደዋል፣ ታውቃለህ፣ አንዳንዴ አናቱ ላይ አቆምና እባክሽ አንዴ ጥፊልኝ እላታለሁ። በሩን ከፍቼ «ደርሰናል» ልል አፌ ላይ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜም አለ። የሚወርድ ቢኖር ለእማማ ምን እላቸዋለሁ?