ኖራ የተቀባው ግድግዳ

«እንዴ! ምን አድርጋችሁት ነው?» አለ ፔይማን፣ በሩ ላይ ደርቆ ቀርቶ።

ናስታራን አዲስ ወደተቀባው ግድግዳ ዞረች። ባለፈው ሳምንት ይኸው የፊልም ረዳት ዳይሬክተር ደቡብ ቴህራንን ሲያስስ ከርሞ የእነሱን ክፍል የመረጠው ለግድግዳው ሲል ነበር፤ የተላላጠ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የተሰነጠቀ። «ይሄ ግድግዳ ራሱ ተዋናይ ነው! ስለ ድህነት አንድ ቃል መናገር አያስፈልገንም» ሲል በጆሮዋ ሰምታዋለች። ለእሷም የጎረቤት ልጅ ሆና እንድትጫወት ቦታ ሰጥቷታል። አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከመስታወት ጋር ስታወራ ነው የሰነበተችው። ለአባቷ የነገረችው ግን «የፊልም ሰዎች በእንግድነት ይመጣሉ» ብላ ብቻ ነው።

እንግዳ ይመጣል የተባለው አባቷ ሄሽመት ደግሞ ሥራ የማይገባበትን አርብ ሙሉ ስንጥቁን ሲደፍን ዋለ። ዛሬ ማለዳ ኖራውን ደረበበትና ትኩስ ዳቦ ሊገዛ ወጣ።

«ስሚኝ እህቴ» አለ ፔይማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካሜራው ከመኪና እየወረደ ነው። ዳይሬክተሯ ይህን ካየች ሌላ ቤት ነው የምትሄደው። ያኔ የአንቺም ነገር አበቃ። እንቺ!» መፋቂያ ብረት አስጨበጣት። «ገና እርጥብ ነው፣ በአምስት ደቂቃ ይለቃል። እኔ ብነካው አባትሽ ይቀየሙኛል። አንቺን ምን ይሉሻል? ልጃቸው ነሽ።»

«ለምን ፋቅሽው ሲለኝስ?»

«ለጥበብ ነዋ!»

ብረቱን አስጠጋች። ኖራው እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበና ከሥሩ የድሮው ጥቁረት ብቅ አለ።

ከደረጃው የአባቷ ድምፅ ተሰማ። «ግቡ፣ ግቡ እንጂ! ደጅ ቆማችሁማ አታሳፍሩኝ! ቤቱ ጠባብ ነው፣ ንጹሕነቱን ግን እናንተው ፍረዱ!»

«ፍጠኚ እንጂ!» አለ ፔይማን በሹክሹክታ።

ናስታራን መፋቂያውን መለሰችለት። የተላጠውን ቦታ፣ ጥቁረቱ እስኪጠፋ ድረስ በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ዳቦ ከታቀፈው አባቷ ኋላ ካሜራ የተሸከመ ሰውና አንዲት ባለመነጽር ሴት ቆመዋል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «ወደ ግድግዳው ብቻ አትጠጉ። አባቴ የቀባው ገና አልደረቀም፤ ልብሳችሁን እንዳያበላሽባችሁ።»