ስሙ የተፋቀው መድኃኒት

ወይዘሮ ባንቺአየሁ የሞቱት ከአፍንጫቸው ደም እየፈሰሰ ነው። ጎረቤታቸው ፋናዬ «መርዝ ነው፤ ያበላቻቸውም ምራታቸው ናት» ብላ ለመንደሩ ሁሉ አሰማች። ቀብሩ ቆመና ከቡሬ ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ተጠራች።

ሠርክአዲስ ከሟቿ ራስጌ ባዶ የኪኒን ብልቃጥ አገኘች። ጽሑፉ በምላጭ ተፍቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ስትል ልጃቸውን መምህር ወንዳወቅን ጠየቀችው።

«የደም ማነስ መድኃኒት ነው። በየወሩ ከባሕር ዳር የማመጣላት እኔ ነኝ።» ሲመልስ መሬት መሬት ያያል።

«ይውጡት ነበር?»

«ስመጣ ሁሌም ባዶ ነው የሚጠብቀኝ።»

ሚስቱ ሰብሊ ዓይኗ አብጦ ጥግ ይዛለች። «ይሄማ ልቅሶ አይደለም፤ የሠራችው ሥራ ነው» አለች ፋናዬ። ሠርክአዲስም ካቴናዋን ዳበስ አድርጋ ነበር፤ ኋላ ስታስበው አፍራለች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሕፃኑ የክርስትና ፎቶ ላይ ሲያርፍ ግን እጇን መለሰች። በፎቶው አራስ የነበረው ልጅ አሁን ይድሃል። የእናቱ ዓይን ያኔም አብጧል።

መድኃኒቱን ላዘዘው የባሕር ዳር ሐኪም ደወለች። ከዚያ ሦስቱንም እዚያው ቤት ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ የለም» ብላ ጀመረች። «ወይዘሮ ባንቺአየሁ የደም ካንሰር ነበረባቸው። በሽታው የደም ሕዋሳትን ያለ ልክ ያራባል። ይህ ኪኒን ደግሞ ‹ተባዙ› የሚላቸውን ትእዛዝ ይዘጋል፤ ተመራማሪዎች ስንት ደክመው ያገኙት ነው። በየቀኑ የዋጠው ዕድሜ ያገኛል። ያቋረጠው ግን በሽታው ያገረሽበትና እንዲህ ያደማዋል።»

«ብልቃጡ ባዶ ነበር እኮ!» አለ ወንዳወቅ።

«ሌላ ሰው እየዋጠው። ኪኒኑ የዓይን ቆብ ያሳብጣል። ፎቶውን እዩት።»

ሰብሊ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር። እሜቴ ‹እኔ ድኛለሁ፤ ደም የሚያስፈልገው ላንቺ ነው፤ ለልጄ እንዳትነግሪው› እያሉ በየማለዳው በእጃቸው ያጎርሱኝ ነበር። የሳቸውን መድኃኒት ስበላ ሞቱ ብዬ እንዴት ላውራ? አፈርሁ።»

«ስሙን የፋቀውስ ማነው?» አለች ፋናዬ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

ሠርክአዲስ ወንዳወቅን አየችው።

«እኔ ነኝ» አለ። «በኛ አገር ይህን በሽታ ለታመመ ሰው ማን ደፍሮ ይነግራል? ትደነግጥብኛለች ብዬ ነው። ሰውም እንዳያወራባት።»

«ሕፃኑ ጡት ይጠባል፤ መድኃኒቱም በወተት ያልፋል፤ ዛሬውኑ ሁለቱንም ሐኪም ይያቸው» አለች ሠርክአዲስ። «ውጭ ያለው ሰው ግን አሁንም ሚስትህን ገዳይ ይላታል። ከኔ ይልቅ አንተ ብትነግራቸው ይሻላል።»

ወንዳወቅ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ወጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆመ።

«እናቴ ካንሰር ነበረባት!» ብሎ ጮኸ። «የደበቅሁባት እኔ ነኝ። ሰብሊ ምንም አላደረገችም።»

ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። አስቀድመው መስማት የነበረባቸው ሴት ብቻ አልሰሙም።