ከመዝገቡ የጠፋው ማስጠንቀቂያ

መምህር ወልደ ሚካኤል ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ሞቱ። ዘመኑ 2000 ዓ.ም. ነበር። ኢንስፔክተር ጣይባ ስትደርስ ፊታቸው አብጦ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ አገኘቻቸው። የገደላቸው ለሳምባ ምች የተወጉት ፔኒሲሊን ነው።

ደሴ ላይ ኮምፒውተር በማስተማር የሚቀድማቸው አልነበረም። ሌላው ስለ ማሽኑ ፍጥነት ሲያወራ እሳቸው ስለ አደጋው ይናገሩ ነበር። በየቢሮው እየዞሩ «የይለፍ ቃል አትጋሩ፤ ሰው በስማችሁ ይሠራበታል» ሲሉ ብዙዎች ይስቁባቸው ነበር። ባለፈው ወርም የዚሁ ክሊኒክ የኮምፒውተር መዝገብ ለማንም ክፍት መሆኑን ለበላይ አካል ጽፈዋል።

«ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው አያውቁም ነበር?» ስትል ጣይባ የክሊኒኩን ባለቤት ዶክተር ዘይኑልአቢዲንን ጠየቀችው።

«ወላሂ አላውቅም! እሳቸው በትኩሳት ራሳቸውን ስተዋል። መዝገቡን ባይ ምንም የለም።»

ጣይባ ኮምፒውተሩ የያዘውን የለውጥ ታሪክ ስታይ ግን አምና ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ነበር። ማስጠንቀቂያው የተሰረዘው ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። የሰረዘው ሰው ስም ነርስ ፀሐይነሽ ይላል።

ፀሐይነሽ «እኔ አልነካሁም» አለች። «የይለፍ ቃሉ የሁላችንም አንድ ነው። ደግሞ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። በሽተኛውን ሁሉ በወረቀት ነው የመዘገብኩት።»

«ጀነሬተሩስ?»

«ከተበላሸ ቆየ።»

ጣይባ የማክሰኞን ካርዶች አገላበጠች፤ ሁሉም በእጅ የተጻፉ ናቸው።

መምህሩን ያመጣቸው ሞላ ነበር፤ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ የክሊኒኩንም መዝገብ የሠራው ባለሙያ።

«ደሴ ያለውን ሐኪም ቤት ሁሉ አልፈህ ለምን እዚህ ድረስ?» አለችው።

«መዝገባቸው እዚህ ስለሆነ ነው።»

በማግሥቱ ሦስቱንና የሟችን ባለቤት ወይዘሮ እስከዳርን ክሊኒኩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መብራት ከሌለ ይህ ኮምፒውተር አይሠራም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ የተሰረዘው በባትሪ በሚሠራ ላፕቶፕ ነው። ዶክተር፣ የመዝገቡ ቅጂ ያለው ማን ጋ ነው?»

«ሞላ ጋ ብቻ። ረቡዕ መጥቶ ‹አድሼዋለሁ› ብሎ ከላፕቶፑ ወደዚህ ገለበጠልን።»

«እትዬ እስከዳር፣ ሞላ መታመማቸውን መቼ ሰማ?»

«ሰኞ ሊጠይቀው መጣ» አሉ እስከዳር። «መርፌው እንደማይስማማው እኔው ነገርኩት። ሐሙስ ሲብስበት ‹አደራ› ብዬ የሰጠሁትም እኔ ነኝ።» ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ጣይባ ወደ ሞላ ዞረች። «ሰኞ ሰማህ፤ ማክሰኞ በፀሐይነሽ ስም ገብተህ ሰረዝክ፤ ረቡዕ እዚህ ገለበጥክ፤ ሐሙስ በገዛ መኪናህ አመጣሃቸው። መዝገቡ ክፍት መሆኑን የጻፉት ደብዳቤ ተሰሚነት ቢያገኝ ከእንግዲህ ሥራ የሚሰጥህ አልነበረም።»

ሞላ አልተቆጣም። «ላፕቶፑ ደጋን ከተማ ላይ ተሰርቆብኛል» አለ ረጋ ብሎ። «መዝገቡ ላይ ያለው ስም የኔ ነው?»



ዐቃቤ ሕጉም የጣይባን ሪፖርት አንብቦ ያንኑ ጠየቃት። «ኮምፒውተሩ ስም አስቀምጧል፤ ሌላ ምን ማስረጃ አለሽ?» አላት። ሞላ ተለቀቀ። ፀሐይነሽ ተከሰሰች።

በችሎቱ ቀን እስከዳር ከደሴ ወርደው ለነርሷ ምስክር ቆሙ።

«ሲሰረዝ በዓይንዎ አይተዋል?» አሉ ዳኛው።

«አላየሁም። ግን ይህች ልጅ...»

«እንግዲያው ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ፀሐይነሽ ሦስት ዓመት ተፈረደባት። እስከዳር ሊያቅፏት ሲጠጉ ፖሊሱ ከለከላቸው። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ችሎቱን ልትከታተል ለመጣችው ለጣይባ ሰጧት።

«እስር ቤቱ ይበርዳል» አሉ። «ይህን እንኳን አድርሺልኝ።»