ሠላሳ ሰባት ዲግሪ

ማመን የከበደው አይመን፤ ነገሩ ግን ሆኗል። ጨለማ አልነበረም። እንደ ፈረንጆቹ 2006፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ... ሞያሌ፣ በኬንያው ወገን፣ በሰሊም ጌም ቤት።

ሰሊም ጭንቅ ላይ ነበር። አዲሱ የኳስ ጌም በእሱ ኮምፒውተር ላይ እየተንቀረፈፈ ደንበኞቹ ሸሽተውታል። ምስሉን የሚያፈጥን ደህና ግራፊክስ ካርድ ካላገኘ ቤቱን ሊዘጋ ነው።

ስለዚህ ዶቃታ የተባለ የከብት ደላላ ያገለገለ ካርድ ሲያመጣለት ሳይሞክረው ተዋዋለ። እንደ ከብት ገበያው ወግ፣ እጅ ለእጅ በሽርጥ ስር ተያይዘው፣ ዋጋውን በጣት ተነጋግረው።

በዚያ ወግ እጅ ከተጨባበጡ ወዲያ መመለስ የለም።

ኮምፒውተር የተማረችውን እህቱን ዙሌይካን የጠራት ከዚያ በኋላ ነው።

"እንዴት ነው?" አላት በሹክሹክታ።

"መካከለኛ ነው። ከርካሹ ይሻላል፣ ከውዱ ያንሳል።" ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። "ሰሊም... ይሸታል።"

"ምን ይሸታል?"

"የታመመ ፍየል አፍ።"

"ከከብት ደላላ ገዝቼ ሽቶ ይሽተት እንዴ?"

ገጠመችው። ጌሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ። የሜዳው ሣር እንኳ አንድ በአንድ ይታያል።

የካርዱን ሙቀት በስክሪኑ ላይ አየች። ሠላሳ ሰባት ዲግሪ።

ጌሙን አከበደችው። ሠላሳ ሰባት።

የካርዱን ማራገቢያ በእርሳስ አቆመችው...

ሠላሳ ሰባት።

"ይሄኔ መጋል ነበረበት" አለች።

"የኛው ጨዋ ነው፣ አይግልም።"

"ይሄ የሰው ገላ ሙቀት ነው፣ ሰሊም።"

አጥፍታ ነቀለችው። የማቀዝቀዣውን ብረት ፈታች። በስሩ የደረቀ ቅባት ነበር የጠበቀችው።

ያገኘችው ግን እርጥብ ነው። እንደ ድድ ቀልቷል። ዳር ዳሩን አጫጭር ነጭ ፀጉር በቅሎበታል።

ጣቷ ሲነካው... ተሸማቀቀ።

ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ደግማ ጠረገች። ልጋጉ አልለቅ አለ።

"መልስለት።"

"ተጨባብጠናል።"

"አየኸው አይደል?"

"አየሁት።" ሰሊም ብሎን መፍቻውን ከእጇ ወሰደ። "ጌሙ ግን ሠርቷል።"

ራሱ ገጠመው።

ማምሻውን ቤቱ ጢም አለ።

"ከናይሮቢ ነው ያስመጣኸው?" አለው ብራያን የተባለ የቆየ ደንበኛው።

"ከናይሮቢ ነው።"

ዙሌይካ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና ከበሩ ታያለች። ወንድሟ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ጎን ተቀምጦ ከደንበኞቹ ጋር ይስቃል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል፤ ላቡ በቅልጥሙ ይወርዳል።

ከሳጥኑ የአየር ቀዳዳ አንድ ቀይ፣ እርጥብ ነገር ቀስ ብሎ ወጣ...

ላቡን ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ላሰው።

ሰሊም ወደ ታች አላየም።

እግሩን ትንሽ አስጠጋለት።