የተዘለለው ቁጥር

«ኧረ ጉድ! የበረኛው ፎልደር ለኔ ተከፈተልኝ!» አለ አንዱ ተማሪ ከኮምፒውተር ክፍሉ ኋላ ወንበር።

ከዚያማ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ያ ኳስ በደረቱ የሚያቆም ጎረምሳ ለካ ሩቅ አገር ላለችው እናቱ ደብዳቤ ይጽፋል! «እማዬ፣ ሽታሽ እንዳይጠፋብኝ ሻሽሽን ትራሴ ውስጥ ነው የማኖረው» ይላል። ጮክ ብለው አነበቡት። ፈጣኗም አብራ ሳቀች።

ፈጣኗ የሚሏት ጣቷ ኪቦርድ ላይ ስለሚሮጥ ነው። መምህሩም ያንን አይቶ፣ የተማሪውን ሁሉ አካውንት የሁሉም ፋይል ከሚቀመጥበት አሮጌ ሰርቨር ወደ አዲሱ እንድታዛውር ሰጣት። «ሰርቨሩ የሚሠራበት ሊኑክስ የፋይሉን ባለቤት በቁጥር ነው የሚያውቀው፤ ስም አያይም። ሁሉንም ከነቁጥሩ አዛውሪ» ብሏት ነበር። እሷ ሆዬ ቸኩላ ስም ብቻ መዘገበች። ማሽኑም ለእያንዳንዱ ተማሪ ያገኘውን አዲስ ቁጥር አደለና፣ የአንዱ ፋይል የሌላው ሆኖ ቁጭ!

ሳቋ ሳያልቅ ጥፋቱ የራሷ መሆኑ ገባት። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ።

«አዲስ ማሽን አይደል፣ ተሳስቶ ይሆናል» አለ መምህሩ፣ ላቡን እየጠረገ። ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ቁጥሩን አይተሻል አይደል?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

ምን እንደነካት እንጃ።

በእረፍት ሰዓት በረኛው የአክስቱን ልጅ ኮሌታ አንቆ ይዞታል። ሁለቱ አንድ ቤት፣ አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት።

«ፓስወርዴን ካንተ ሌላ ማን ያውቃል? አንተ ነህ የሰጠሃቸው፣ ከሃዲ!»

«አባዬ ይሙት ለማንም አልሰጠሁም!»

«ዛሬውኑ ዕቃህን ከክፍሌ ታወጣለህ!»

ፈጣኗ ግድግዳው ጥግ ቆማ ሰማች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ መምህሩ እንደሆነ ማሽኑን ወንጅሎታል። እግሯ ወደ ሽንት ቤት ሊሸሽ ምንም አልቀረውም።

«ልቀቀው» አለች፣ መሃላቸው ገብታ።

«አያገባሽም!»

«ያገባኛል። አካውንቱን ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን ዘልዬ አበላሸሁት። እሱ ምንም አላደረገህም። ደሞ... ሲያነቡት ስቄያለሁ።»

በረኛው ኮሌታውን ለቀቀ። ሰድቧት ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ዓይኗን ብቻ አይቶ ፊቱን አዞረ።

«ለቲቸርስ ትነግሪያለሽ?» አለ የአክስቱ ልጅ፣ አንገቱን እያሸ። «እሱ እኮ ማሽኑ ነው ብሏል። ምን ያስለፈልፍሻል?»

«ዋሽቼዋለሁ።»

«አብሬሽ ልምጣ?»

«ተው፣ ብቻዬን ይሻላል» አለችና ሄዳ የመምህራኑን ክፍል በር አንኳኳች።